በበዓል ማዕድ ላይ የሚጨመሩት ቃላት ትርፍ አይደሉም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የተነሡት አይሁድ ከምግብ በኋላ ስለሚያደርሱት ምስጋና፣ ስለ ብርካት ሃማዞን፣ በተለይም በበዓል ቀን በጸሎቱ ውስጥ ስለሚገቡት ቃላት ነው። አምስት ነገር ይላሉ። የበዓል ጭማሪዎቹ ቶራ (የሙሴ ሕግ) ያላዘዛቸው፣ ረቢዎች በኋላ የለጠፏቸው ናቸው። በአዘቦት «ማግዲል» (የሚያበዛ) የሚባለው ቃል በሰንበትና በበዓል «ሚግዶል» (ግንብ) የሚሆነው በጸሐፍት ስሕተት ነው። ጭማሪውን የረሳ ሰው ከመጀመሪያው ይድገም መባሉ ቅጣት ነው። ቃሉ ከማኅበረሰብ ማኅበረሰብ መለያየቱ ትክክለኛውን ማንም እንደማያውቅ ያሳያል። በመጨረሻም ቤተ እስራኤል ይህን ሁሉ ሳያውቁ በኢትዮጵያ ፈጣሪያቸውን ሲያመሰግኑ ኖረዋልና፣ ልጆቻቸው ዛሬ በእስራኤል ይህን መማራቸው የአባቶችን ወግ መጣል ነው። ጽሑፉ ተደክሞበታል፤ በአምስተኛው ነጥብ ውስጥ ያለው ሐዘን ደግሞ የእኔም ሐዘን ነው። የቀሩትን አራቱን ግን አልቀበላቸውም፤ አምስተኛውም ከእውነተኛ ሐዘን ተነሥቶ ወደማይሆን ቦታ ሄዷል።

ጸሎቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ብርካት ሃማዞን የሚባለው ዳቦ ከተበላ ነው፤ ዳቦውም ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ሕጉ ከሚቆጥራቸው ሦስት ሌሎች እህሎች የተጋገረ መሆን አለበት። (አብዛኞቹ ረቢዎች ጤፍን ከአምስቱ እህሎች ስለማያስገቡት በጤፍ እንጀራ ብቻ የተበላ ማዕድ ይህን ጸሎት አያስከትልም።) ጸሎቱ አራት በረከቶች አሉት፦ ስለ ምግብ፣ ስለ ምድሪቱ፣ ስለ ኢየሩሳሌምና «መልካምና መልካም አድራጊ» ተብሎ የሚጠራው አራተኛው። ከእነርሱ በኋላ «ሃራኻማን» ማለትም «መሓሪው» ብለው የሚጀምሩ አጫጭር ልመናዎች ይከተላሉ። በሰንበት «ሬጼ» የሚባለው ክፍል፣ በበዓላትና በወር መባቻ ደግሞ «ያዓሌ ቬያቮ» በሦስተኛው በረከት ውስጥ ይገባሉ። የተአምር መታሰቢያ በሆኑት በሐኑካና በፑሪም በዓላት «አል ሃኒሲም» የሚለው፣ ስለ ተአምራቱ የሚያመሰግነው ክፍል፣ በሁለተኛው ውስጥ ይገባል። የክርክሩ ሜዳ ይህ ነው።

የጽሑፉ ምሰሶ ዘዳግም 8፥10 ነው፤ በልተህ ስትጠግብ ስለ ሰጠህ መልካም ምድር አምላክህን ባርክ የሚለው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ቶራ የጠየቀው ምስጋናን ብቻ ነው፣ የበዓል ስም አልተጠየቀም ይላሉ። ይህ ሚዛን ከተያዘ ግን የሚወድቀው ጭማሪው ብቻ አይደለም፤ ጸሎቱ በሞላ ይወድቃል። ቶራ «ባርክ» አለ እንጂ የምንባርክበትን አንድ ቃል እንኳ አልጻፈልንም። ይህን የጥንት ሊቃውንት ክርክር የተሰበሰበበት ታልሙድ ራሱ አይደብቅም። በራኾት በተባለው ክፍሉ በገጽ 48ለ ላይ የመጀመሪያውን በረከት ሙሴ መና ሲወርድ ደነገገው፣ ሁለተኛውን ኢያሱ ሕዝቡ ወደ ምድሪቱ ሲገባ፣ ሦስተኛውን ዳዊትና ሰሎሞን ስለ ከተማይቱና ስለ ቤቱ፣ አራተኛውን ደግሞ በያቭኔ የነበሩ ሊቃውንት ስለ ቤታር ሙታን ደነገጉት ይላል። ቤታር በ135 እ.ኤ.አ. የወደቀችው፣ በሮማውያን ላይ ያመፀው የባር ኮኽባ የመጨረሻ ምሽግ ናት። የሞቱት ሰዎች አስከሬን ለረጅም ጊዜ ሳይቀበር ቆይቶ እንዲቀበር ሲፈቀድ፣ መልካም የተባለው አስከሬኑ ስላልበሰበሰ፣ መልካም አድራጊ የተባለው ለመቀበር ስለበቃ ነው ይላል ታልሙዱ። እንግዲህ ይህ ጸሎት ገና ከአወቃቀሩ ዘመን በዘመን ላይ የጨመረበት ነው። በምድረ በዳ የተራበ ሕዝብ፣ ርስት ያገኘ ሕዝብ፣ ከተማ የሠራ ሕዝብ፣ ሙታኑን የቀበረ ሕዝብ፣ ሁሉም እዚያው ማዕድ ላይ ድምፁ ይሰማል። በዚህ መካከል የፋሲካ ወይም የዳስ በዓል ስም ቢገባ ምን እንግዳ ነገር አለው?

«ለጠፏቸው» የሚለው ቃል በተለይ አይመጥንም። ምክንያቱም ሊቃውንቱ የተጨነቁት በምን ይባል ብቻ ሳይሆን የት ይግባ በሚለውም ነው። በታልሙድ፣ በሻባት 24ሀ፣ ሐኑካን በማዕድ ጸሎት መጥቀስ ያስፈልጋል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ራባ በራቭ ሰሖራ በኩል ከራቭ ሁና የተቀበለውን ያመጣል፦ ግዴታ የለበትም፣ ሊጠቅስ ከወደደ ግን በምስጋናው ክፍል ይጥቀስ። ቀጥሎም ራቭ ሁና ባር ይሁዳ ራባ ቤት በእንግድነት ሄዶ በኢየሩሳሌሙ በረከት ውስጥ ሊጠቅሰው ሲያስብ፣ ራቭ ሼሼት እንደ ጸሎቱ አድርገው አለው፤ ቆመው በሚያደርሱት የየዕለቱ ጸሎት የሐኑካ ነገር በምስጋናው ክፍል እንደሚባል ሁሉ በማዕዱም በምስጋናው ይባል ማለቱ ነው። አንድ እንግዳ ምግብ ከበላ በኋላ አንዱን አንቀጽ ከየትኛው በረከት ጋር ልበለው ብሎ ሲያመነታ፣ ሌላው ሲያርመው፣ ያ ንግግር ተጽፎ ለእኛ ሲደርስ እናያለን። በግዴለሽነት የሚለጥፍ ሰው እንዲህ አይጨነቅም።

ቦታው ትርጉም አለው። አል ሃኒሲም ስለ ሆነ ነገር ምስጋና ነው፤ ስለዚህ ስለ ምድሪቱ ከሚያመሰግነው ሁለተኛ በረከት ጋር ተቀመጠ። ያዓሌ ቬያቮ ግን ልመና ነው። ስምንት ግሦችን ደራርቦ መታሰቢያችን ይውጣ፣ ይምጣ፣ ይድረስ፣ ይታይ፣ ይወደድ፣ ይሰማ፣ ይጎብኝ፣ ይታሰብ ይላል። የአባቶችን መታሰቢያ፣ የዳዊት ልጅ የመሢሕን፣ የቅድስቲቱን ከተማ የኢየሩሳሌምን፣ የመላውን የእስራኤል ቤት መታሰቢያ ይጠራና «በዚህ በቂጣ በዓል ቀን»፣ «በዚህ በዳስ በዓል ቀን» ብሎ ቀኑን ይሰይማል። ልመና ስለሆነ ስለ ኢየሩሳሌም በሚለምነው በሦስተኛው ውስጥ ገባ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚነካኝ ነገር አለ። ፋሲካ፣ የሳምንታት በዓልና የዳስ በዓል ሰው ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣባቸው ቀናት ነበሩ። ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ በዓሉ በየቤቱ ማዕድ ዙሪያ ቀረ። የበላ፣ የጠጣ፣ የተደሰተ ሰው ስለ ከተማይቱ መታነጽ ሲለምን ያን ጊዜ ነው በዓሉ በስሙ የሚጠራው። ጸሐፊው ይህን ትርፍ ካሉት፣ በዓሉ በጸሎቱ ውስጥ ሌላ ምን ቦታ ሊኖረው እንደሚችል ቢነግሩን መልካም ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ማግዲልና ሚግዶል ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙት ነገር የራሳቸው ፈጠራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በጸሎቱ መጨረሻ አካባቢ የሚባል አንድ ጥቅስ አለ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ቦታ ይገኛል። በመዝሙር 18 መጨረሻ ላይ «ማግዲል» ነው፣ በሁለተኛ ሳሙኤል 22 መጨረሻ ላይ «ሚግዶል»። ልማዱ በአዘቦት የመዝሙሩን፣ ሙሳፍ የተባለው ተጨማሪ ጸሎት በሚጸለይባቸው ቀናት፣ ማለትም በሰንበት፣ በበዓልና በወር መባቻ፣ የሳሙኤሉን ማለት ነው። ረቢ ባሩክ ሃሌቪ ኤፕስታይን ይህ የመጣው በምህጻረ ቃል ስሕተት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አንድ ሰው በጸሎት መጽሐፉ ጠርዝ ላይ በሺንና በቤት ፊደል «በሳሙኤል ሁለተኛ» ሲል ጻፈ፤ ሌላው ያንኑ ፊደል «በሻባት» ብሎ አነበበው ይላሉ። የረቢው ሐሳብ ማራኪ ነው፤ ሰው የሚወድደውም ለዚህ ነው። ጊዜው ግን አይገጥምለትም።

ረቢ ዳዊት አቡድራሃም በሴቪያ በ1340 እ.ኤ.አ. በጻፉት የጸሎት ማብራሪያ በሰንበት ሚግዶል በአዘቦት ማግዲል እንዲባል ከመምህሮቻቸው እንደተቀበሉ ይመሰክራሉ። እንግዲህ በ1340 ልማዱ ለእርሳቸው ከመምህር የተወረሰ ነበር። በግዕዙ መጽሐፍ ሳሙኤልንና ነገሥትን አንድ ላይ ይዘን ቀዳማዊ፣ ካልዕ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያልን መቁጠር ስለለመድን «ሳሙኤል ሁለተኛ» የሚለው አጻጻፍ ከጥንት የነበረ ይመስለናል። በዕብራይስጡ ግን ሳሙኤል አንድ መጽሐፍ ነው። በምዕራፍ የመጥቀስ ልማድ ከክርስቲያኖች ወደ ዕብራይስጥ ሥራዎች የገባው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በረቢ ይስሐቅ ናታን የቃላት ማውጫ ነው፤ ሳሙኤልን ለሁለት የከፈለው የዕብራይስጥ ኅትመት ደግሞ በ1517 በቬኒስ ከቦምበርግ ማተሚያ ቤት ወጣ። ከአቡድራሃም መምህራን በፊት የኖረ አይሁዳዊ ጸሐፊ በጠርዝ ላይ «ሳሙኤል ሁለተኛ» ብሎ ጻፈ ማለት እጅግ የማይመስል ነው። አቡድራሃም የሚሰጡት ምክንያት ሌላ ነው፦ የዕብራይስጥ ሰዋስው ሊቃውንት አናባቢዎችን «ነገሥታት» ይሏቸው ነበርና፣ ሰንበት ከአዘቦት አንጻር ታላቅ ንጉሥ ስለሆነ ታላቁ አናባቢ ያለበት ንባብ ለእርሱ ተገባው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መዝሙሩ ዳዊት ገና ያልነገሠበትን፣ የሳሙኤሉ የነገሠበትን ጊዜ ያሳያል ይላሉ። ምክንያቶቹን መቀበልም አለመቀበልም ይቻላል። ልማዱ ግን እየታወቀ የተመረጠ እንጂ በአንባቢ ዓይን ድካም የተፈጠረ እንዳልሆነ ይህ ምስክር ይበቃል።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ ሕጉ ቅጣት ነው ወደተባለበት። ጸሐፊው የተረኩት ግማሹን ብቻ ነው። ሙሉው እንዲህ ነው። በበዓል ያዓሌ ቬያቮን ረስቶ ሦስተኛውን በረከት የጨረሰ ሰው አራተኛውን ከመጀመሩ በፊት ቢያስታውስ፣ ለሕዝቡ ለእስራኤል በዓላትን ለሐሴትና ለደስታ የሰጠ የተባረከ ነው የምትል አጭር በረከት ብቻ ይላል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። አራተኛውን ከጀመረ ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል። በወር መባቻ ቢሆን አራተኛውን ከጀመረ ጭራሽ አይመለስም። በበዓሉ መካከለኛ ቀናትም እንዲሁ። በሐኑካና በፑሪም አል ሃኒሲምን የረሳ አይመለስም፤ በመጨረሻው ልመና ላይ መሓሪው ለአባቶቻችን እንዳደረገ ተአምር ያድርግልን ብሎ ይጨምረዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? በበራኾት 49 ላይ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በሰንበትና በበዓል ሰው ሳይበላ ሊቀር አይችልም፤ በወር መባቻ ግን ከፈለገ ይበላል ካልፈለገ ይተዋል። ዳቦውን ያስቆረሰው በዓሉ ራሱ ከሆነ፣ በዓሉ ያልተጠራበት ምስጋና የዚያ ማዕድ ምስጋና አልሆነም ማለት ነው። ረቢ አኪቫ ኤገር (1761–1837) ይህንኑ መሠረት ይዘው ሴቶች በበዓል ደስታ ሕግ ያላቸው ግዴታ ከወንዶች ስለሚለይ፣ ከፋሲካ ሌሊት በቀር ቢረሱ አይመለሱም እስከማለት ደርሰዋል። ቅጣት ቢሆን ኖሮ ለሁሉም እኩል ይመታ ነበር። ይህ ግን በየማዕዱ ማን ምን አለበት ብሎ እየመዘነ የሚሄድ ነው።

ደግሞም ይህ ሕግ የተነገረበት ታሪክ አለ፤ ጸሐፊው ቢያነብቡት ቃላቸውን ያለዝቡ ነበር ብዬ አስባለሁ። ራቭ ጊዴል ባር ሚንዩሚ በራቭ ናሕማን ፊት ቆሞ ሳለ ራቭ ናሕማን ራሱ ረሳ፤ ረስቶም ወደ መጀመሪያ ተመለሰ። ተማሪው ለምን ብሎ ጠየቀው። አጭሯን በረከት ማለት አይበቃም ወይ አለው። መምህሩም ያ አራተኛውን ገና ላልጀመረ ነው፣ ለጀመረ አይደለም ብሎ መለሰለት። ታላቁ ሊቅ በተማሪው ፊት ሲረሳና ሲመለስ ነው ሕጉ የተነገረው። መርሳት ሰው የሚሆነው ነገር መሆኑን የሚያውቅ ሕግ ነው፤ ለእያንዳንዱ የመርሳት ዓይነት መመለሻ መንገድ ያዘጋጀውም ስለሚያውቅ ነው።

ስለ መለያየቱ ብዙ አልናገርም፤ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከዳስ በዓል በኋላ የሚውለውን ስምንተኛ ቀን፣ ሽሚኒ አጼሬትን፣ ሹልሓን አሩኽ የተባለው የሕግ መጽሐፍ «ሐግ» ማለትም «በዓል» የሚለውን ቃል አስገብቶ ይሰይመዋል። ረቢ ሞሼ ኢሰርለስ ደግሞ መጽሐፍ ያንን ቀን በዚያ ቃል ጠርቶት አላገኘንምና እንተወው ይላሉ። አንዲት ቃል ናት። ሁለቱም ወገን ግን ያዓሌ ቬያቮን እዚያው ቦታ፣ በእዚያው ልመና ውስጥ ይላታል፤ ክርክሩ ቀኑን በትክክለኛ ስሙ ለመጥራት ነው። በካይሮ ቤን ዕዝራ ምኩራብ ጌኒዛ (አሮጌ ጽሑፎች በሚቀመጡበት ክፍል) ውስጥ ተከማችተው ከነበሩት ብራናዎች መካከል ለሰንበት፣ ለበዓል፣ ለሠርግ በግጥም የተዘጋጁ የማዕድ በረከቶችም ተገኝተዋል። አንድ መልክ ብቻ የነበረበት ዘመን አልነበረም። የበዓሉን ስም ሳይጠራ ማለፍን ይመርጥ የነበረ ወገን ግን ጸሐፊው አላሳዩንም።

አሁን ከልብ ወደሚያሳስበኝ። ቤተ እስራኤል ያዓሌ ቬያቮን አያውቁም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ጸሎታቸው በግዕዝ ነበር፣ ሐኑካም በዘመን አቆጣጠራቸው ውስጥ አልነበረም። ብርሃን ሠረቀን (የአዲስ ዓመት በዓልን)፣ አስተሥርዮን (የስርየት ቀንን)፣ በዓለ መጸለትን (የዳስ በዓልን)፣ ፋሲካን ግን ያከብሩ ነበር። በሰንበት በረከቴ የተባለው ዳቦ ይቀርባል፣ ቄሱ ይባርካል፣ ቆርሶ ያድላል። በ1984ና በ1991 እ.ኤ.አ. በታላቁ ጉዞ ወደ እስራኤል የመጡት ልጆች በአብዛኛው ወደ መንግሥታዊ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ገቡ። እዚያም ብርካት ሃማዞንን በዜማ ተማሩ። ቤታቸው ሲመለሱ አያታቸው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሲመርቁ ልጁ የሚያውቀው ሌላ ሆነ። ማንም «እናንተስ በማዕድ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ወላጆቹን በቅጡ አልጠየቀም። ጸሐፊው በዚህ ማዘናቸው ተገቢ ነው፤ ከእርሳቸው ጋር አዝናለሁ።

ነገር ግን ጥፋቱ የበዓሉ ጭማሪ አይደለም። ልጁ የተማረው ቃል አያቱን አላስወጣቸውም፤ ያስወጣቸው ሳይጠየቁ መቅረታቸው ነው። እንዲያውም ሕጉ ራሱ ለአያቱ በር ከፍቷል። ሚሽና በተባለው፣ የታልሙድ መሠረት በሆነው የሕግ ስብስብ ውስጥ የሶጣ ክፍል ሰባተኛው ምዕራፍ ገና ሲጀምር በማንኛውም ቋንቋ ሊባሉ ከሚችሉት መካከል ብርካት ሃማዞንን ይቆጥራል። በአማርኛ የተባለ የማዕድ በረከት፣ አራቱን ጉዳዮች ከያዘና በበዓል ቀኑን ከጠራ፣ በሕጉ ፊት ሙሉ ነው። አባቶቻችን በምን ቃል አመሰገኑ የሚለው ጥያቄ እና ቀኑ ይጠራ ወይ የሚለው ጥያቄ የተለያዩ ናቸው፤ ጸሐፊው አደባልቀዋቸዋል። ቄሶቻችን በበዓል ማዕድ ላይ ሲባርኩ ቀኑን ሳይጠሩ ዝም ብለው አያልፉም። ከዚያ ወገን ብመለከት እንኳ በዓሉን ከማዕዱ ጸሎት ማውጣት የቤተ እስራኤል ወግ ሊሆን አይችልም።

ጸሐፊው በመጨረሻ ለቤተ እስራኤል በዓል ለስግድ በጸሎቱ ውስጥ ምንም ቃል እንደሌለው አንሥተው የእስራኤልን ረቢዎች ይወቅሳሉ። ያዓሌ ቬያቮ ለስግድ እንደማይገባ ግልጽ ነው፤ ያ ክፍል ሙሳፍ ላለባቸው ቀናት ነው፣ ስግድም ከአስተሥርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል የጾምና የቃል ኪዳን ቀን ነው። የእስራኤል ምክር ቤት ክነሴት በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል ማድረጉ ይህን አይለውጠውም፤ ሊለውጠውም አልተደነገገም። ነገር ግን ቦታ የለም ማለት አይቻልም። ሃራኻማኖቹ ከአራቱ በረከቶች በኋላ ስለሚመጡ ማኅበረሰቦች በየዘመኑ የጨመሩባቸው ክፍል ናቸው። ስለ ባለ ቤቱ፣ ስለ እስራኤል መንግሥት፣ ስለ ወታደሮች የሚባሉት ልመናዎች እንዲህ ነው የገቡት። በዳስ በዓል ቀናት ደግሞ መሓሪው የወደቀችውን የዳዊትን ዳስ ያቁምልን ይባላል፤ ከአሞጽ 9 የተወሰደ ነው።

በስግድ ቀን ጾሙ ከሰዓት በኋላ ይፈታል፣ ቄሶቹ የባረኩት ዳቦ ይታደላል። ዳቦ ነውና ከእርሱ በኋላ ብርካት ሃማዞን አለ። ታዲያ በዚያ ማዕድ መጨረሻ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም እየሰገዱ በሀገር ቤት ያረፉትን፣ በሱዳን መንገድ የቀሩትን መሓሪው ያስብ የምትል አንዲት ሃራኻማን በግዕዝና በአማርኛ ለምን አትኖርም? ይህን የመጻፍ ሥልጣኑ የእኔ አይደለም፤ ቃሉ ያላቸው ቄሶቹ ናቸው፣ ቁጥራቸውም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ጸሐፊው ብዕራቸውን የረቢዎችን ጭማሪ ለመቁረጥ ከሚያነሡት፣ በአካባቢያቸው ወዳሉ ቄስ ሄደው በበዓል ማዕድ ላይ የሚሉትን ቃል ቢቀዱና ቢያሳትሙ እኔም የበኩሌን አግዛለሁ።